ርካሽ አድሶርበንት ምንድን ነው?

ሜቲሊን ብሉ የተባለው ሰማያዊ ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ታጥቦ የደረቀ ሰጋቱራ ጨምሩና ደጋግማችሁ አማስሉት። ቆይታችሁ ስታጠልሉት ውሃው ፈዘዝ፣ ሰጋቱራው ደግሞ ሰማያዊ ብሎ ታገኙታላችሁ። ቀለሙ አልጠፋም። ከውሃው ወጥቶ ሰጋቱራው ገጽ ላይ ተለጥፏል። ይህ ገጽ ላይ መለጠፍ አድሶርፕሽን ይባላል፤ የሚለጠፍበት ጠጣር ነገር ደግሞ አድሶርበንት።

የዚህ ሥራ አውራ አክቲቬትድ ካርቦን ነው። ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ከሰል ነው። የአንዷ ግራም ገጽ ቢዘረጋ ከ500 እስከ 1,500 ካሬ ሜትር ሊሸፍን ይችላል። ችግሩ ዋጋው ነው። ለመሥራት ብዙ መቶ ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ሲሞላ አድሶ መልሶ ለመጠቀምም ሌላ ወጪ አለ። ቀን ከሌት ፍሳሽ ለሚለቅ ፋብሪካ ይህ ቀላል አይደለም።

ርካሽ የሚባሉት እንግዲህ እሱን ለመተካት የሚሞከሩት ናቸው፦ ሰጋቱራ፣ የሩዝ ገለፈት፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ሸክላ አፈር፣ የድንጋይ ከሰል አመድ። አብዛኞቹ ሌላ ቦታ ቆሻሻ ተብለው የሚጣሉ ናቸው። ከዕፅዋት የሚገኙት ሴሉሎስና ሊግኒን በተባሉት የዕፅዋት አካል መሥሪያ ቁሶች የበለጸጉ ስለሆኑ ቀለምና የብረት አዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው የብረት ቅንጣት) የመያዝ ጠባይ አላቸው።

ዋናው ጨዋታ ግን ፒኤች ላይ ነው፤ ይህ የውሃው አሲዳማነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል። ውሃው አሲዳማ ሲሆን የልጣጩ ገጽ ወደ አዎንታዊ ሙል ያደላል። ክሮሚየም ስድስት የተባለው መርዛማ የክሮሚየም ብረት ዓይነት ውሃ ውስጥ የሚገኘው አሉታዊ ሙል ባለው አዮን መልክ ነው። ስለዚህ ፒኤች 2 አካባቢ እየተሳበ ይለጠፋል፤ ከፊሉም እግረ መንገዱን መርዛማነቱ ወደሚያንሰው ክሮሚየም ሦስት ይለወጣል። እርሳስ የተባለው ብረት ደግሞ አዎንታዊ ነው። እዚያው አሲድ ውስጥ የሃይድሮጅን አዮኖች ቀድመውት ቦታውን ስለሚይዙ መለጠፊያ ያጣል። የሚመቸው ፒኤች 5 አካባቢ ነው። እና "ይህ ልጣጭ ፍሳሽ ያጣራል" ሲሏችሁ፣ የትኛውን በካይ? በስንት ፒኤች? ብላችሁ ጠይቁ።

"በአንድ ግራም ይህን ያህል ሚሊግራም ይይዛል" የሚለውንም ቁጥር ቶሎ አትመኑት። ብዙ ጊዜ የሚለካው አንድ በካይ ብቻ በተጨመረበት ንጹህ ውሃ ነው። እውነተኛ የፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ ጨው፣ ዘይትና ሳሙና ሁሉ ለዚያችው ገጽ ይሻማሉ። ጥሬ ልጣጭ ደግሞ የራሱን ቡናማ ቀለም ውሃው ውስጥ ይለቃል። ለዚህ ነው አስቀድሞ የሚታጠበው፣ በኬሚካል የሚታከመው ወይም የሚከሰለው። ይህ ሁሉ ደግሞ ገንዘብ ነው።

ሲሞላስ? ክሮሚየም የጠገበ ሰጋቱራ አደገኛ ቆሻሻ ነው። ሜዳ ላይ ከተደፋ ዝናብ አጥቦ ብረቱን ወደ አፈርና ወደ ወንዝ ሊመልሰው ይችላል። ይህን ወጪ ያልደመረ ስሌት እኔ በበኩሌ ርካሽ አልለውም። ያሉት መንገዶች ጥቂት ናቸው፦ ብረቱን በአሲድ ወይም በአልካሊ አጥቦ መልቀም፣ ከሲሚንቶ ጋር አቡክቶ ማሰር፣ አለዚያም ለአደገኛ ቆሻሻ በተዘጋጀ ጉድጓድ መቅበር።