የ66 መንገድ «ሦስት ሰው» የሚባለው ሕግ

ሰሞኑን «ሦስት ሆነን ሄደን እንዴት ሂሳብ መጣብን?» የሚል ጥያቄ በዝቷል። ሰሜን ቨርጂንያ ለምትነዱ ላስረዳ።

66 ኤክስፕረስ ሌን (በ66 አውራ ጎዳና ላይ የሚያስከፍለው መስመር) ላይ በነፃ ለማለፍ መኪናው ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሰው መኖር አለበት። ሹፌሩ ይቆጠራል፣ ሕፃንም ይቆጠራል። ድሮ ሁለት ይበቃ ነበር፣ ከዲሴምበር 2022 ወዲህ ግን ሦስት ሆኗል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ሦስት መሆን ብቻውን አይበቃም። ኢዚፓስ ፍሌክስ የሚባለው፣ ማብሪያ ያለው የመንገድ ክፍያ መሣሪያ ያስፈልጋል፣ እሱንም ከመግባታችሁ በፊት ወደ «ኤች ኦ ቪ» (ብዙ ሰው የያዘ መኪና) ማዞር አለባችሁ። ለምሳሌ አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ ማብሪያ በሌለው በመደበኛው ኢዚፓስ ብትገባ፣ ብቻዋን እንደነዳች ተቆጥሮ ሙሉውን ትከፍላለች። ያናድዳል፣ ግን ሕጉ እንደዚያ ነው።

ዋጋው ግን ቋሚ አይደለም፤ መንገዱ ሲጨናነቅ ይወጣል፣ ሲቀል ይወርዳል። ሰዓቱም እንደ ቦታው ነው። ከቤልትዌይ (ዲሲን ከሚዞረው ቀለበት መንገድ) ውጪ ባለው ክፍል 24 ሰዓት ያስከፍላል፣ ጎኑ ግን ነፃ መስመር አለ። ከቤልትዌይ ወደ ዲሲ ባለው ክፍል የሚያስከፍለው ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ ነው፤ ጠዋት ወደ ዲሲ ስትገቡ፣ ከሰዓት በኋላ ስትወጡ። በዚያ ሰዓት ጎኑ ነፃ መስመር የለም። ከዚህኛው ክፍል ከሚሰበሰበው ገንዘብ የተወሰነው ለአውቶቡስ አገልግሎት ይውላል፣ እኔ ደግ አድርገዋል እላለሁ።