የጡረተኛ መምህራን ተሟጋች ማኅበር ምንድን ነው?

አሜሪካ የሚኖር አበሻ ዕድሜው 50 ሲጠጋ ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ደብዳቤ ያገኛል። ከኤኤአርፒ፣ ማለትም ዕድሜያቸው ለገፋ አሜሪካውያን ከሚሟገተው ድርጅት ነው። "አባል ይሁኑ" ይላል። ብዙው ሰው "ገና ሳልጦር!" ብሎ ይስቅና ይጥለዋል። ይህ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር አባል ያለው ድርጅት የበቀለው ግን ከጡረተኛ መምህራን ማኅበር ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ካሊፎርኒያ ነው። ኤቴል ፐርሲ አንድረስ በሎስ አንጀለስ የሊንከን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነበሩ፤ ከ1916 እስከ 1944። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሥራ ሲለቁ የጡረታ አበላቸው በወር 60 ዶላር ገደማ ሆኖ ቆያቸው። ከዚያ የተቸገሩ ጡረተኞችን መከታተል ጀመሩ። አንድ ቀን አንዲት የቀድሞ የስፓኒሽ መምህርት ችግር ላይ እንደወደቁ ሰምተው ሊጠይቋቸው ሄዱ። መምህርቷ የሚኖሩት ዶሮ ቤት ውስጥ ነበር።

አንድረስ በ1947 ብሔራዊ የጡረተኛ መምህራን ማኅበርን መሠረቱ። ያኔ አረጋዊን ኢንሹራንስ የሚያስገባ ኩባንያ አልነበረም ማለት ይቻላል። ከ40 በላይ ኩባንያዎችን ቢያንኳኩም እሺ ያላቸው አልነበረም። በ1950ዎቹ አጋማሽ አንዱ ተገኘ። መምህራኑ የጤና መድን ማግኘታቸው ሲሰማ፣ ያላስተማሩ ጡረተኞችም "እኛስ?" ማለት ጀመሩ። በ1958 ኤኤአርፒ የተቋቋመው ለእነሱ ነው። ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን እስኪመጣ ገና ሰባት ዓመት ይቀር ነበር።

እንግዲህ የጡረተኛ መምህራን ተሟጋች ማኅበር የሚባለው ሥራ የለቀቁ መምህራን አንድ ላይ ሆነው ደጅ የሚጠኑበት ድርጅት ነው። ፈረንጆቹ ሎቢ የሚሉትን እኛ ደጅ መጥናት ስንለው ኖረናል። ልዩነት አለው፤ የድሮው ደጅ ጠኚ ብቻውን ቆሞ ይለምን ነበር። እነዚህ በየከተማው ቅርንጫፍ አላቸው፣ የተቀጠረ ሎቢስት አላቸው፣ የትኛው እንደራሴ ለየትኛው ረቂቅ እጁን እንዳወጣም ይመዘግባሉ። ሽማግሌ ደግሞ ከወጣት ይልቅ ምርጫ ጣቢያ ይሄዳል። እንደራሴው ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ከሠራተኛ ማኅበር ጋር አይምታታ። በሥራ ላይ ያለ መምህር ቢከፋው፣ ሕጉ በሚፈቅድበት ቦታ ክፍሉን ዘግቶ ይወጣል። ጡረተኛው ምን ያቁም? የሚያቆመው ሥራ የለውም። ያለው ድምፁ፣ ጊዜውና ትዝታው ብቻ ነው።

ለምን ሙግት አስፈለገ? ጡረታ አንዴ ተሰልቶ ከተቆረጠ በብዙ ቦታ በራሱ አያድግም። ጡረተኛ መምህር ያለበት ቤት አገር ቤትም ቢሆን ይህን ያውቀዋል፤ አበሉ የተሰላው በድሮ ደመወዝ ነው፣ ጤፉ የሚገዛው በዛሬ ዋጋ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ለጡረተኛ ግን ይህ ተረት አይሠራም። ዝም ካለ የሚገባለት ጭማሪም የለም።

ይህ በደንብ የሚታየው ቴክሳስ ላይ ነው። እዚያ ለመምህራን ጡረታ የሚከፍለው ቲአርኤስ የሚባለው የግዛቱ መሥሪያ ቤት ነው። ማኅበሩ ደግሞ በ1953 የተመሠረተው የቴክሳስ ጡረተኛ መምህራን ማኅበር፣ በአጭሩ ቲአርቲኤ ነው። ስማቸው ስለሚመሳሰል ሰው ይምታታበታል። አንዱ ከፋይ፣ ሌላው ጎትጓች ነው።

በ2013 የቴክሳስ ምክር ቤት ለጡረተኞቹ የኑሮ ውድነት ማስተካከያ ሰጠ። ጭማሪው 3 ከመቶ ሲሆን በወር ከ100 ዶላር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተበጀለት። የሚመለከተውም እስከ ነሐሴ 2004 መጨረሻ ጡረታ የወጡትን ብቻ ነበር። በ2005 የወጣ ሰው ምንም አላገኘም። ከዚያ በኋላም ዓመታት አለፉ። ያ ሰው መጀመሪያ የተቆረጠለትን ያንኑ አበል እየተቀበለ 2023ን ጨረሰ።

ምክር ቤቱ ቢፈልግ እንኳ ዝም ብሎ መጨመር አይችልም። ሕጉ ፈንዱ ጤነኛ ካልሆነ ጭማሪ ይከለክላል፤ ያለበትን ዕዳ በ31 ዓመት ውስጥ መዝጋት መቻል አለበት። ስለዚህ ጡረተኞቹ ሙግታቸውን የጀመሩት ከኋላ በር ነው። "ጨምሩልን" ከማለት በፊት "ፈንዱን ሙሉልን" አሉ። በ2019 ግዛቱ፣ ትምህርት ቤቶቹና በሥራ ላይ ያሉት መምህራን የሚያዋጡት መዋጮ ከፍ እንዲል ተወሰነ። በዚያው ዓመት ለጡረተኞቹ እስከ 2,000 ዶላር የሚደርስ የአንድ ጊዜ ክፍያ ተሰጠ። ስሙ "13ኛ ቼክ" ነው። እኛ 13 ወር ይዘን የ12 ወር ደመወዝ እንበላለን፤ እነሱ 12 ወር ይዘው 13ኛ ቼክ አገኙ። ጳጉሜን የት ሄዳ ነው?

እውነተኛው ጭማሪ የመጣው በ2023 ነው። የቴክሳስ ምክር ቤት መደበኛ ስብሰባውን የሚያደርገው በየሁለት ዓመቱ ለ140 ቀን ብቻ ነው። ያ ካመለጠ ሁለት ዓመት መጠበቅ ነው። በዚያ ዓመት 3.3 ቢሊዮን ዶላር ለማስተካከያው ተመደበ። ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ስላስፈለገ ጉዳዩ በኅዳር ወር ለሕዝብ ቀረበ። ከአሥሩ መራጭ ከስምንት በላይ የሚሆነው "ይሁን" አለ። ከጥር 2024 ጀምሮ ቀድመው የወጡት 6 ከመቶ፣ መካከለኞቹ 4፣ የቅርቦቹ 2 ከመቶ ተጨመረላቸው። 75 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ለብቻው የአንድ ጊዜ 7,500 ዶላር ተከፈለ። ብዙ ነው? ወደ ሃያ ዓመት ለጠበቀ ሰው አይመስለኝም።

ሌላው ሙግት ዋሽንግተን ድረስ የሄደ ነው። አብዛኞቹ የቴክሳስ ትምህርት ቤቶች ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም ለፌዴራሉ መንግሥት የጡረታ ፈንድ አያዋጡም። አንድ መምህር ግን በፊት ሌላ ቦታ ሠርቶ አዋጥቶ ሊሆን ይችላል። በ1983 የወጣ ደንብ የዚህን ሰው ሶሻል ሴኩሪቲ ይቀንስበት ነበር። በ1977 የወጣው ደግሞ ይብሳል። ባሏ የሞተባት መምህርት በእሱ በኩል ከሚደርሳት ላይ የራሷ ጡረታ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይቀነስባት ነበር፤ ብዙዎቹ እጃቸው ላይ ምንም አልቀረም። ሁለቱም ደንቦች የተሻሩት ጥር 5 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ባይደን በፈረሙት ሕግ ነው። መምህራኑ፣ ፖሊሶቹና የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ለዚህ አሥርተ ዓመታት ሲመላለሱ ኖረዋል።

በዚህ ሁሉም አልተደሰተም። የሕጉ ወጪ በአሥር ዓመት ወደ 196 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል ተብሎ የተሰላ ሲሆን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ፈንድ የሚደርቅበትንም ቀን ወደ ስድስት ወር ያህል ያቀርበዋል። የአንዱ ማኅበር ድል ከጋራ ካዝና ይወጣል ማለት ነው። እኔ በመበለቶቹ እፈርዳለሁ፤ ተቃዋሚዎቹ ግን ሒሳብ አላወቁም ማለት አልችልም።

ዳላስና ሂውስተን ላሉ ወገኖች አንድ ነገር ልጨምር። ስሙ "መምህራን" ይበል እንጂ ጉዳዩ የአስተማሪ ብቻ አይደለም። የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዳ፣ ካፍቴሪያ ውስጥ ምግብ የሚያቀርብ፣ ቢሮ ውስጥ የሚሠራም በቲአርኤስ ሊታቀፍ ይችላል፤ ጡረታ ሲወጣም ማኅበሩ ይቀበለዋል። የወሩ ክፍያ ከዘገየ ግን ማኅበሩ ጋ መደወል አይጠቅምም። የሚደወለው ለከፋዩ፣ ለቲአርኤስ ነው።