ጃክ፣ የሙያ ሁሉ ሰው

ጎማ ተንፍሶ መንገድ ዳር ስንቆም መጀመሪያ የምንፈልገው ክሪክ ነው። እኛ ቃሉን ከጣሊያን ወሰድነው። እንግሊዞች ግን ያንኑ ዕቃ "ጃክ" ይሉታል። ጃክ ደግሞ የሰው ስም ነው። ሰውን መኪና ሥር ምን ዶለው?

ነገሩ "የሙያ ሁሉ ጃክ፣ የአንዱም ጌታ ያልሆነ" ከሚለው አባባላቸው ጋር ይያያዛል። ሁሉን ነካ ነካ የሚያደርግ፣ አንዱንም ጠንቅቆ የማያውቅ ሰው ማለታቸው ነው። ቧንቧ ይጠግናል፣ ግድግዳ ይቀባል፣ ዲሽ ያስተካክላል። እሱ በወጣ በሰዓቱ ቧንቧው ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል።

ስሙ ለእኛ ባዳ አይደለም። ጃክ የጆን ቁልምጫ ነው፤ ጆን ደግሞ ዮሐንስ። ሥሩ ዕብራይስጥ ነው፣ "እግዚአብሔር ቸር ነው" እንደ ማለት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛንም እንግሊዞች "ንጉሥ ጆን" እያሉ ይጽፏቸው ነበር። ጆን እንዴት ጃክ ሆነ ቢሉ፣ በመካከለኛው ዘመን ስም ሲያቆላምጡ ጫፉ ላይ "ኪን" ይጨምሩ ነበር። ጃንኪን ተባለ፣ ጃኪን ሆነ፣ ከዚያ ጃክ ብቻ ቀረ። ከፈረንሳይኛው ዣክ፣ ማለትም ከያዕቆብ፣ የመጣ ነው የሚሉም አሉ። እኔ አይዋጥልኝም። ጆን ኤፍ ኬኔዲን እንኳ ቤተሰቡ ጃክ እያለ ነበር የሚጠራው።

በመካከለኛው ዘመን ታዲያ እንግሊዝ ውስጥ መንደሩ ሁሉ ጆን ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይደለም። ስሙ ሲበዛ ረከሰ። ጃክ ማለት "አንተ ልጅ፣ ና ወዲህ" ሆነ። አሽከሩ ጃክ፣ መርከበኛው ጃክ። ቀስ በቀስ የአሽከሩን ሥራ የተረከበ ዕቃም ስሙን ወረሰ። ቦት ጫማ ከእግር የሚያወልቀው እንጨት ጃክ ተባለ። ሥጋ እሳት ላይ የሚያገላብጠው መሣሪያም ጃክ። ሸክም የሚያነሣው ክሪክም በዚሁ በር ገባ።

እ.ኤ.አ. በ1592 ሮበርት ግሪን የተባለ ደራሲ አንድ ተዋናይን "ዮሐንስ ፋክቶተም" ብሎ ሰደበው፤ "ዮሐንስ ሁሉን አድራጊ" ማለት ነው። መድረክ ላይ መቆሙ ሳያንሰው ተውኔት ልጻፍ ማለቱ አብግኖት ነው። ተሰዳቢው ሼክስፒር እንደሆነ አብዛኞቹ ምሁራን ይስማማሉ። ግሪን ምስኪን፣ ማንን እንደነካ አላወቀም።

"የሙያ ሁሉ ጃክ" የሚለው ሐረግ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ታትሞ ይገኛል። "የአንዱም ጌታ ያልሆነ" የሚለው መርዝ የተጨመረው በኋላ ነው። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ደግሞ "ግን ብዙ ጊዜ የአንድ ሙያ ጌታ ከመሆን ይሻላል" የሚል ጅራት ተቀጥሎለት፣ "ዋናው አባባል ይኼ ነው" እየተባለ ይዞራል። በድሮዎቹ መጻሕፍት ውስጥ የለም። ሐሳቡን ግን አልጠላሁትም፤ የእኛው "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የአሽከሩ ስም ግን ተነሣ። ለዘመናት ቁልምጫ ብቻ የነበረው ጃክ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዝና በዌልስ የወንድ ሕፃናት ስም ቁንጮ ሆነ። ከአሥር ዓመት በላይ ማንም አልነቀነቀውም። እ.ኤ.አ. በ2009 ነው ኦሊቨር የነጠቀው።