ሳዱላ ምንድን ነው?

ሳዱላ በኢትዮጵያ ሰሜናዊና መካከለኛ ደጋ ያላገቡ ልጃገረዶች ይቆረጡት የነበረ የፀጉር ዓይነት ነው። የአናት መካከል በምላጭ ክብ ተደርጎ ይላጫል፤ በዙሪያው ያለው ፀጉር ግን ሳይነካ ይቀራል። ስሙ ከቁርጡ አልፎ ለባለፀጉሯም ተሰጥቷል፤ ለጋብቻ የደረሰች፣ ወንድ የማታውቅ ልጃገረድ ራሷ ሳዱላ ትባላለች። ትግርኛ ተናጋሪዎችም ቃሉን በዚሁ አገባብ ያውቁታል። ዛሬ ቁርጡ ከከተማ ጠፍቶ በገጠርም እምብዛም አይታይም፤ ቃሉ ግን በዘፈንና በግጥም ውስጥ ለቆንጆ ኮረዳ መወደሻ ሆኖ ቀርቷል፤ ከሚያዳምጡት ወጣቶች ብዙዎቹ የሚወደሰው ግማሽ የተላጨ ራስ እንደነበር አያስቡም።

ረጅም ፀጉር የሴት ልጅ የተፈጥሮ መለያ ነው፣ አጭር ፀጉርም ከሴትነት ማፈንገጥ ነው የሚለው አስተሳሰብ በቤተሰብም በጓደኛም ዘንድ ሲነገር «ጥንትም በባህላችን እንዲህ ነበር» የሚል ማጠናከሪያ አይታጣበትም። ሳዱላ ይህን ማጠናከሪያ ከሥሩ ይንደዋል። ልጃገረድነት ይበልጥ በሚከበርበትና ይበልጥ በሚጠበቅበት ማኅበረሰብ ውስጥ፣ የልጃገረድነት ምልክት የነበረው የፀጉር መርዘም ሳይሆን የፀጉር መላጨት ነበርና።

ቁርጡን ብቻውን ነጥለን ብናየው እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ከዕድሜ ልክ ሥርዓቱ ጋር ሲታይ ግን ግልጽ ይሆናል። ሕፃናት ወንዶችም ሴቶችም ራሳቸው ይላጭና እንደ አካባቢው ልማድ ቁንጮ ወይም ጋሜ ይተውላቸዋል። ሴቷ ልጅ ከፍ ስትል ሳዱላ ትሆናለች። ስታገባ ምላጩ ይቀርና የተላጨው አናቷ እንዲያድግ ይደረጋል፤ ፀጉሯ ሲሞላም ቅቤ እየተቀባች ሹሩባ መሠራት ትጀምራለች። ባሏ ሲሞት ወይም ሌላ ከባድ ሐዘን ሲደርስባት ያን ፀጉር መልሳ ትላጫለች። ብትመነኩስም እንዲሁ ተላጭታ ቆብ ትደፋለች፤ ሳትመነኩስ ያረጀች ባልቴትም ብዙ ጊዜ ፀጉሯን አሳጥራ ወይም ተላጭታ ሻሽ ታስራለች። በዚህ መንገድ የአንዲት ሴት ራስ በሕይወት ዘመኗ ሙሉ ፀጉር የሚይዘው በአንድ ወቅት ብቻ ነው፤ ይኸውም ባል በያዘችበት፣ ልጅ በምትወልድበትና ጎጆዋ በቆመበት ዘመን። ስለዚህ ረጅሙ ፀጉር የሚናገረው ሴት ስለመሆኗ ሳይሆን ሚስት ስለመሆኗ ነበር።

ይህን ልዩነት አጥብቄ የምይዘው፣ የሳዱላን ነገር ከጌጥ ታሪክነት ወደ ማኅበራዊ ታሪክነት የሚያሸጋግረው እርሱ ስለሆነ ነው። የሲቪል መዝገብ በሌለበት፣ ዕድሜ በዓመተ ምሕረት ሳይሆን «በእገሌ ዘመቻ ጊዜ» እየተባለ በሚቆጠርበት አገር፣ ማን ለጋብቻ እንደምትጠየቅና ማን እንደማትጠየቅ በዓይን መለየት ነበረበት። ልጁን ለመዳር ያሰበ አባት፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት፣ በገበያ ወይም በጥምቀት ሜዳ ከሩቅ የሚያነበው ነገር ያስፈልገው ነበር። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለው ኮረዶች በአደባባይ የሚታዩበት ዋነኛ ቀን እርሱ ስለነበር ነው፤ በዚያ ቀን ቀሚሱ ስለ ቤተሰቧ ኑሮ ሲናገር፣ አናቷ ደግሞ ስለ ራሷ ይናገር ነበር። የሚለየውም ዕድሜ አልነበረም። ያለ ዕድሜዋ የተዳረች የ13 ዓመት ልጅ ፀጉሯን ስታሳድግ፣ በዕድሜ የምትበልጣት ያላገባች ልጃገረድ ሳዱላዋን እንደያዘች ትቆያለች።

ይህን ሥርዓት በናፍቆት ብቻ የሚያነሱት ሰዎች ይገርሙኛል። ሳዱላ መልክ ነበረ፤ ግን የልጅቱን ገላ የቤተሰቧ ክብር መዝገብ አድርጎ በአደባባይ የሚያስነብብ መልክም ነበረ። ድንግልናዋ የእርሷ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአናቷ ላይ መጻፍ ባላስፈለገ ነበር። ወንድሟ በተመሳሳይ ዕድሜ ላይ ድንግል ስለመሆኑ ወይም ስላለመሆኑ የሚናገር ቁርጥ እንዳልነበረውም ልብ ማለት ይገባል።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ይጨመራል። ሳዱላን ያቆየው ሕዝብ የሐዋርያው ጳውሎስን መልእክት በቤተ ክርስቲያን ሲሰማ የኖረ ሕዝብ ነው። ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 11 ላይ ሴት ፀጉሯን ብታስረዝም ክብሯ እንደሆነ፣ ወንድ ቢያስረዝም ግን ነውሩ እንደሆነ ይጽፋል፤ ይህንንም ተፈጥሮ ራሷ ታስተምራለች ይላል። ክርስቲያኑ ደገኛ ግን በተግባር የልጃገረዶቹን አናት ሲላጭ፣ ጀግኖቹን ደግሞ ፀጉር ያስረዝም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1855 እስከ 1868 የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ የሚታወሱት በተጎነጎነው ሹሩባቸው ነው። ከመቅደላ ውጊያ በኋላ ተወስዶ የነበረ ፀጉራቸው በለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተቀምጦ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ጎፈሬም የአርበኛ መለያ ነበር። የሴት ሹሩባና የወንድ ሹሩባ በአሠራራቸው ይለያዩ ይሆናል እንጂ፣ ርዝመት በራሱ የአንደኛው ፆታ ንብረት አልነበረም።

ነገሩ የደጋው ክርስቲያን ብቻም አይደለም። በቦረና የገዳ ሥርዓት ደበሌ በሚባለው የመጀመሪያው እርከን ላይ ያሉ ወንዶች ልጆች ፀጉራቸው ሳይቆረጥ እንደ ሴት ልጅ ረዝሞ ያድጋል፤ የሚላጨው ወደ ቀጣዩ እርከን ሲሸጋገሩ ነው። በሩቁ እንግሊዝ ደግሞ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ልማድ በሌላ መንገድ ወደ አንድ ነጥብ ያደርሰናል። በዚያ ልጃገረድ ፀጉሯን ለቃ ትሄዳለች፤ ከ16 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ ገደማ ስትደርስ ግን ፀጉሯ ወደ ላይ ተሰብስቦ ይታሰራል፣ ቀሚሷም ይረዝማል፤ ከዚያ ወዲህ በአደባባይ ፀጉሯን ለቃ መታየት ነውር ይሆንባታል። የእነርሱ ምልክት መፍታትና ማሰር ነው፣ የእኛው መላጨትና ማሳደግ ነው፤ ሁለቱም የሚጠብቁት ግን አንዱን ደፍ ነው፤ ከልጅነት ወጥታ ለጋብቻ የምትቀርብበትን።

በምዕራቡ ዓለም ይህ ደፍ የፈረሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ ወጣት ሴቶች ፀጉራቸውን እስከ ጆሮ ግንዳቸው ባስቆረጡበት ጊዜ ነው። የሴት ፀጉር ሠሪዎች በመጀመሪያ መቁረጥን ስለማያውቁበት ወይም ስለማይፈቅዱ፣ ልጃገረዶቹ ወደ ወንዶች ፀጉር አስተካካይ ቤት ይገቡ ነበር፤ ቁጣውን ካባባሱት ነገሮች አንዱም ይኸው ነበር። ለአባቶች የከበዳቸው የፀጉሩ ማጠር ብቻ አልነበረም፤ የትኛዋ ያገባች፣ የትኛዋ ያላገባች፣ የትኛዋ ገና ልጅ እንደሆነች ከፀጉሯ ማወቅ አለመቻላቸውም ነበር።

በኢትዮጵያ ግን ሳዱላን ያጠፋው ዐዋጅም ዓመፅም አልነበረም። ቀስ በቀስ፣ ከከተማ ወደ ገጠር፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤተሰብ እየተስፋፋ በመጣ ሌላ ኑሮ ተተክቶ ጠፋ። ትልቁ ምክንያት በእኔ ግምት የትምህርት ቤት ደጅ ነው። ሳዱላነት አጭር የመጠበቂያ ጊዜ ነበር፤ ልጅቱ ለጋብቻ ከደረሰች በኋላ እስክትዳር ያለው ወቅት በወራት ወይም በጥቂት ዓመታት ይቆጠር ነበር። ልጃገረዶች ትምህርት ቤት መግባት ሲጀምሩ ያ ወቅት ተዘረጋ። ሕጉም አብሮ ተንቀሳቀሰ፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት የጋብቻ ዝቅተኛ ዕድሜን 15 ዓመት አድርጎ ነበር፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ለሁለቱም ፆታ ወደ 18 አሳደገው። ሕግና ኑሮ አንድ እንዳልሆኑ የታወቀ ነው፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ዛሬም አለ። ቢሆንም በከተማ የምትማር ልጅ፣ ልጅም ሚስትም ሳትሆን የምትቆይባቸው ብዙ ዓመታት አግኝታለች። አያቷ በዚያ ዕድሜ ላይ ፀጉሯ ምን መምሰል እንዳለበት የሚወስንላት ሥርዓት ነበራት፤ ለእርሷ ግን የተደነገገ ቁርጥ የለም። የልጃገረዶች የፀጉር ፋሽን የሚባለው ነገር የሚበቅለው በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

ባዶ ቦታው ግን ለረጅም ጊዜ ባዶ ሆኖ አልቀረም። የሚስት የነበረው ረጅም ፀጉር ወደ ልጃገረዷ ወረደ፣ ቆይቶም የሴት ሁሉ ግዴታ ሆነ። አሁን አንዲት ተማሪ በእረፍት ሰዓት የምትሰማው ውዳሴ «ፀጉርሽ ወገብሽ ጋ ደረሰ» የሚል ነው። ከርዝመቱ ጋር ልስላሴም አብሮ ይፈለጋል፤ ዞማና ሉጫ ማሞገሻ ሲሆኑ ከርዳዳ ስድብ ቀረሽ ነው። እዚህ ላይ አንድ ቀላል የተፈጥሮ እውነት ይዘነጋል። የራስ ፀጉር በወር በአማካይ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ጥቂት ብቻ በለጥ ብሎ ያድጋል፤ እያንዳንዱ ዘለላም ለተወሰኑ ዓመታት አድጎ ይረግፋል። በጣም የተጠቀለለ ፀጉር የሚያድገውን ያህል አድጎም ስለሚሰበሰብ፣ ሲያዩት ከእውነተኛ ርዝመቱ በጣም ያጥራል፤ በመጠምዘዣዎቹ ላይም ቶሎ ይሰበራል። ስለዚህ ሁለት እህትማማቾች እኩል ርዝመት ያለው ፀጉር ኖሯቸው፣ የአንዲቱ ትከሻዋን አልፎ ሲወርድ የሌላይቱ ጆሮዋ ላይ ሊቀር ይችላል። በዓይን በሚታይ ርዝመት ሴትነትን መለካት፣ ሳይነገር፣ አንዱን የፀጉር ዓይነት ከሌላው ማስበለጥ ነው።

ውጤቱን በየፀጉር ቤቱ ማየት ይቻላል፤ መተኮሱ፣ በኬሚካል ማለስለሱ፣ ዊጉና ሂዩማን ሄሩ። በእነዚህ ላይ የሚወርደውን ስብከት መድገም አልፈልግም፤ ሰው ሠራሽ ፀጉር አዲስ ነገር አይደለም፣ የሚያምርበትም ሰው ያምርበታል። መነገር ያለበት አንድ ነገር ቢኖር፣ ርዝመትን ለማግኘት ሲባል ለዓመታት አጥብቆ መጎንጎንና ከባድ ፀጉር ማስቀጠል በግንባርና በጆሮ ዳር ያለውን ፀጉር ከሥሩ እየነቀለ እንደሚያሳሳው፣ አንዳንዴም ዳግመኛ እንዳይበቅል እንደሚያደርገው ነው።

ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ኮረዳ የሚገጥማት ጥያቄም ከዚሁ የተወለደ ነው። «ምን ሆነሽ ነው?» ትባላለች፤ የሚጠይቋት ሰዎች ሐዘን ወይም ሕመም ይታያቸዋል፣ ወጣቶቹ ደግሞ ወንድ ለመምሰል የፈለገች ይመስላቸዋል። የመጀመሪያው ጥርጣሬ ከአሮጌው ሥርዓት የተረፈ ነው፤ ሴት በሐዘን ትላጭ ነበርና። ሁለተኛው ግን አዲስ ነው፤ በሳዱላ ዘመን ለነበረ ሰው የኮረዳ ፀጉር ማጠር ከወንድነት ጋር ምን እንደሚያገናኘው ቢነገረው ግራ በተጋባ ነበር።

ርዝመት የሥልጣን ጉዳይ መሆኑን ለማየት ደግሞ ነገሩ የተገለበጠበትን አገር መጥቀስ ይበቃል። በታይላንድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በወታደራዊው መንግሥት ዘመን የወጣ ደንብ ሴት ተማሪዎች ፀጉራቸውን ወደ ጆሮና አንገት አካባቢ አሳጥረው እንዲቆረጡ ያስገድድ ነበር። ለአሥርተ ዓመታት «ጨዋ ተማሪ» ማለት በዚያ አጭር ፀጉር ያላት ማለት ነበር፤ ርዝመት ማሳደግ የዓመፅ ምልክት ሆኖ ተማሪዎች በመምህራን መቀስ እስከመቆረጥ ደርሰዋል። ተማሪዎቹ ለዓመታት ከተከራከሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 የትምህርት ሚኒስቴር ሴት ተማሪዎች አጭርም ረጅምም ፀጉር እንዲኖራቸው ፈቀደ፤ በ2025 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ከ1970ዎቹ የቆየውን ደንብ ሻረ። ባንኮክ ውስጥ ፀጉሯን ለማሳደግ የታገለችውና አዲስ አበባ ውስጥ ፀጉሯን ለማሳጠር እናቷን የምትለምነው ልጅ የሚፈልጉት ርዝመት ተቃራኒ ነው፤ የሚጠይቁት ግን አንድ ነገር ነው።

ከሳዱላ ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ያልጠፋ አንድ ቅሪት ቢፈለግ የሚገኘው በሠርግ ላይ ይመስለኛል። የዘንድሮ ሙሽራ በተማሪነቷ ፀጉሯን እንዳሻት ስታሳጥርና ስታረዝም ኖራ፣ ለሠርጓ ቀን ግን አብዛኛውን ጊዜ በሕይወቷ ይዛው የማታውቀውን ርዝመት ታስቀጥላለች። ለመልሱ ደግሞ ሹሩባ ወይም አልባሶ ተሠርታ፣ በሐበሻ ቀሚስ ትቀርባለች። ለምን እንደሆነ ብትጠየቅ «ለሙሽራ ያምራል» ትላለች እንጂ፣ ቅድመ አያቷ በዚያው ሳምንት ምላጩን ተሰናብታ ፀጉሯን ማሳደግ እንደጀመረች አትናገርም፤ የነገራትም የለም።