ለሃን ሺን፣ ጦር በበዛ ቁጥር ይሻላል

ይህን የቻይናዎች አባባል የወለደው የአንድ ንጉሠ ነገሥትና የአንድ ጦር አዛዥ ወግ ነው። ንጉሡ የሃን ሥርወ መንግሥት መሥራች ሊዩ ባንግ ነው። አዛዡ ደግሞ ዙፋኑን በጦርነት ያስገኘለት ሃን ሺን። ታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን ወጉን እንዲህ መዝግቦታል።

ሁለቱ ተቀምጠው የጦር አለቆችን ችሎታ ያወራሉ። ንጉሡ «እኔስ ስንት ሰው ማዘዝ እችላለሁ?» ይላል።

«ጃንሆይ፣ ቢበዛ 100,000።»

«አንተስ?»

«ለእኔ በበዛ ቁጥር ይሻላል።»

ሊዩ ባንግ ሳቀ። «እንዲያ ከሆነ ታዲያ እንዴት በእጄ ገባህ?»

ነገሩ ወዲህ ነው። ሃን ሺን በሊዩ ባንግ ሥር የቹ ግዛት ንጉሥ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ201 ግን «ሊያምፅ ነው» ተብሎ ተያዘ፤ ንግሥናውም ተነጠቀ። እንዲህ ባለ ሰዓት ንጉሥ ፊት አፍ ሞልቶ መናገር ድፍረት ነው። መልሱን ግን አላጣም፦ «ጃንሆይ ወታደር ማዘዝ ብዙም አይሆንልዎትም፤ አዛዦችን ማዘዝ ግን ያውቁበታል።» ለእኔ የወጉ ቅመም እዚህ ላይ ነው። ምስጋናም ነው፣ ሸንቆጥ ማድረግም ነው።

ጉራው ግን ባዶ አልነበረም። በጂንግሺንግ ጦርነት ወታደሮቹን ወንዝ ከኋላቸው አድርጎ አሰለፈ፤ ማፈግፈጊያ የላቸውም። ጠላት ይህን አይቶ ሳቀ። ሃን ሺን ግን አስቀድሞ 2,000 ፈረሰኞችን፣ ለእያንዳንዳቸው ቀይ ባንዲራ አስይዞ፣ ተራራ ላይ ደብቋል። ጠላት ሰፈሩን ጥሎ ለማሳደድ ሲወጣ ገብተው ባንዲራውን ቀየሩት። የተመለሰው ጦር ቀይ ባንዲራ ሲያይ ተደናግጦ ተበተነ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ202 በጋይሺያ ጦርነት ደግሞ 300,000 ሰው መርቶ የሊዩ ባንግን ዋና ባላንጣ ሺያንግ ዩን ገጥሟል። ያን ሁሉ ሰው ማብላትና በአንድ ትእዛዝ ማንቀሳቀስ ቀልድ አይደለም።

መጨረሻው አላማረም። በ196 ንግሥቲቱ በዘዴ ቤተ መንግሥት አስጠርታ አስገደለችው። በዘዴው የተባበራት የሊዩ ባንግ ዋና ሚኒስትር ሺያው ሄ ነበር፤ ቀድሞ ሃን ሺን ከሊዩ ባንግ ጦር ሲኮበልል በሌሊት ተከታትሎ ከመንገድ የመለሰውና ለአዛዥነት ያሳጨው ያው ሰው።

ዛሬ አባባሉ ከጦር ሜዳ ወጥቷል። መዋጮ ሲሰበሰብ ወይም ሐሳብ ሲጠየቅ «ስንት ይበቃል?» ለሚል ሰው ይመለስለታል። ብዙ ጊዜ ሃን ሺን ይዘለልና «በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚለው ብቻ ይነገራል።