ማይክሮአርኤንኤ ምንድን ነው? የአሳማ ሳንባ ውስጥስ ምን ይሠራል?

ሕዋስን እንደ አንድ መሥሪያ ቤት እንየው። ዲኤንኤ መዝገብ ቤቱ ነው። ፕሮቲን ሲፈለግ ከመዝገቡ ተገልብጦ ደብዳቤ ይወጣል፤ መልእክተኛ አርኤንኤ የሚባለው ይህ ነው። ማይክሮአርኤንኤ ደግሞ ደብዳቤውን ሥራ ላይ ሳይውል አንቆ የሚይዝ ነው።

ርዝመቱ 22 የዘረመል ፊደል ገደማ ብቻ ነው። አርጎኖት ከሚባል ፕሮቲን ጋር ሆኖ ደብዳቤው ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ወይ ያዘገየዋል፣ ወይ ያስቀድደዋል። ለመለጠፍ ሰባት ያህል ፊደል ከገጠመለት ይበቃዋል። ስለዚህ አንዱ ብቻውን ብዙ ዘረመሎችን ይነካካል። በ1993 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተገለጸው ከአንዲት ደቃቅ ትል ላይ ነበር። ያኔ የትሏ ጉድ ነው ተብሎ ታለፈ፤ በ2024 ግን አግኚዎቹን አምብሮስንና ራቭከንን ለኖቤል አበቃ።

አሁን ወደ አሳማው። ፒአርአርኤስ የሚባል ቫይረስ አለ። እርጉዝ አሳማዎችን ያስጨነግፋል፣ ግልገሎቹን ትንፋሽ ያሳጥራል። አርቢዎች አምርረው የሚጠሉት በሽታ ነው። የሚገርመው ዒላማው ነው፤ የሳንባውን ዘበኛ፣ ማክሮፋጅ የተባለውን ሕዋስ ራሱን ይይዛል። የሚገባበት በር ሲዲ163 ይባላል።

እዚህ ላይ ሚር-181 የተባለው ማይክሮአርኤንኤ ሁለት ነገር ያደርጋል። ቫይረሱ ራሱ አርኤንኤ ስለሆነ እላዩ ላይ ይለጠፍበታል። የሲዲ163ን ደብዳቤም ይይዛል፤ በሩ ይቀንሳል ማለት ነው። ተመራማሪዎች ሚር-181ን አስመስለው ሠርተው በቫይረሱ ለተያዙ አሳማዎች ሲሰጡ ደማቸው ውስጥ ያለው ቫይረስ ቀነሰ፣ ትኩሳቱም ቀለል አለ።

ግን ማይክሮአርኤንኤ ሁሉ ወዳጅ አይደለም። ሚር-30ሲን ቫይረሱ ራሱ ያበዛዋል። ሚር-30ሲ ደግሞ ጃክ1 የተባለውን ፕሮቲን ይቀንሳል። ጃክ1 ከሌለ «ጠላት ገብቷል» የሚለው የኢንተርፌሮን ጩኸት ሰሚ ያጣል። ቫይረሱም ተመችቶት ይራባል።

ታዲያ ሰውነት እንዲህ ያለ ማነቆ ለምን ያስቀምጣል? ፍሬን ስለሚያስፈልገው ነው። ኢንተርፌሮኑም እብጠቱም ልጓም ካጣ ሳንባውን የሚጎዳው መከላከያው ራሱ ይሆናል። ቫይረሱ የረገጠው የአሳማውን የራሱን ፍሬን ነው።

ከዚህ መድኃኒት እናውጣ ሲባልም ችግሩ እዚሁ ነው። ብዙ ደብዳቤ የሚይዝን ነገር ስታበዛው፣ የማትፈልገውንም ይይዝብሃል።