ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ በሳይክል

ዓባይ ከጣና ወጥቶ ፏፏቴው ላይ እስኪደርስ ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በስም የተሰየመ የብስክሌት መስመር አይደለም፤ ምልክትም አልተተከለለትም። ቢሆንም ወንዙን ከመነሻው ጀምሮ ማወቅ ለፈለገ ሰው ከሳይክል የተሻለ ነገር የለም። በመኪና ከሆነ ዓባይ አንዴ ታይቶ ያልፋል።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም መሬቷ ሜዳ ነው። ስለዚህ ተማሪውም ሠራተኛውም ሳይክል ይነዳል። ጎማ ቢተነፍስ ጎሚስታ ሩቅ አይደለም። ጉዞው ከጣና ዳር፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ቢጀመር ጥሩ ነው። ከዚያ በዘንባባዎቹ ጥላ ሥር ወደ ዓባይ ድልድይ ይኬዳል።

አዲሱ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር ሲሆን ለሳይክልና ለእግረኛም ቦታ አለው። ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለው አሮጌው ድልድይ ጠባብ ነበርና ለሳይክለኛ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ተሻግሮ ወደ ቀኝ የታጠፈ ሰው ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ይወጣል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት እዚያ ነው። ዳገቱ ያስለከልካል፤ ግን ከላይ ሆኖ ሐይቁን፣ ከተማውንና ወንዙን በአንድ ዓይን ማየት ይቻላል። ጠዋት ከሆነ ጉማሬም አይጠፋም።

የጢስ ዓባይ መንገድ ያለው በከተማው በኩል ስለሆነ ድልድዩን ተሻግሮ መመለስ ያስፈልጋል። ከከተማ ሲወጡ በቆሎ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ጫትና ባሕር ዛፍ ይቀበላሉ። ገበያተኛ አህያውን እየነዳ ያልፋል። ሰላምታ ሳይሰጡ ማለፍ ነውር ነው፤ ፍሬን ያዝ አድርጎ «እንደምን ዋላችሁ» ማለት ይገባል።

ጢስ ዓባይ ከተማ ሲደርሱ ሳይክሉን አደራ ሰጥቶ በእግር ወደ አላታ ድልድይ መውረድ ነው። ይህ የድንጋይ ድልድይ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ብዙዎች ለአፄ ፋሲል ዘመን ይሰጡታል፤ ከዚያ ቀድሞ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ ተሠራ የሚሉም አሉ። «የፖርቹጋሎች ድልድይ» የሚባለው ነገር ግን የአገሬውን ግንበኛ እጅ ሊያስረሳን አይገባም። ኖራው በእንቁላል ተለውሷል የሚል የቆየ ወሬም አለ። ጠርዙን በእጅ ሲዳስሱት ድንጋዩ በሰውና በከብት እግር ብዛት ልሟል። ከሥሩ ዓባይ በጠባብ ገደል ተጨንቆ ይጮኻል።

ፏፏቴው ከ37 እስከ 45 ሜትር ከፍታ እንዳለው ይነገራል። ውሃው ሲሞላ ስፋቱ 400 ሜትር ይደርሳል። ዛሬ ግን ዓመቱን ሙሉ እንዲህ አይደለም። የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ሲጀምር 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ 73 ሜጋ ዋት ያለው ሁለተኛው መጣ። ውሃው ወደ ተርባይኖቹ ሲዞር ገደሉ ባዶውን ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ደግሞ ውሃውን ከሐይቁ በቀጥታ ይወስዳል። ስለዚህ መሄድ የሚሻለው ነሐሴና መስከረም ነው። ያኔ ጢሱ ልብስ ያረጥባል፤ የእግር መንገዱ ግን ጭቃ ነው።

ፏፏቴው ከባሕር ዳር ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ መመለሻው ቀስ እያለ ዳገት ይሆናል። ውሃ ሞልቶ፣ ከሰዓት ሳይገፋ መነሳት ይበጃል።